ለጨዋታ ሲባል የተሰጠ ቁልፍ

በኤንካርናሲዮን ከተማ የመብራት ኃይል መኪኖች ጋራዥ አንድ ደንብ አለ፤ መኪና ለመጠገን የሚገባ ሰው ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ይከታል። ሲሪሎ በሃያ ዓመት ሥራው ይህን ደንብ የጣሰው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያስጣሰውም የሥራ ባልደረባው ኤላዲዮ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት የከተማው ቡድን እየተጫወተ ነበር። ሲሪሎ ሠራተኛ ወደ ምሰሶ የሚያወጣውን የመኪናውን ክንድ ወደ ላይ አንስቶ መጋጠሚያውን ግራሶ ይቀባል። ኤላዲዮ አላስቀምጥ አለው።

"አንተ ሽማግሌ፣ ቁልፉን ወዲህ በል! የመኪናውን ሬዲዮ ልክፈትበት።"

"ያ ቡድንህ መሸነፉ ላይቀር ምን ያስቸኩልሃል?" አለና እየሳቀ ወረወረለት።

ቁልፉ ግን ክንዱንም ያነቃል። ጎል ሲገባ ኤላዲዮ ጋቢናው ውስጥ ዘሎ ተነሳ፤ ጉልበቱ የክንዱን መቆጣጠሪያ መታው። ክንዱ ወረደ። የሲሪሎ ሁለት ጣቶች እዚያው ቀሩ።

በማግስቱ አለቃቸው ዶን ፊደንሲዮ ወረቀት ይዞ መጣ። "ሲሪሎ ደንቡን ጥሶ ቁልፉን መኪናው ላይ ተወ" ይላል። ስለ ኤላዲዮ አንድም ቃል የለበትም።

"ይህ ከሄደ እኮ ካሳ አያገኝም" አለ ኤላዲዮ።

"አንተም ከሥራ አትባረርም። እሱም ተስማምቷል። ምስክር ሆነህ ፈርም።"

ኤላዲዮ ወረቀቱን አጥፎ በቀጥታ ሆስፒታል ሄደ። ሲሪሎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ በግራው የሸሚዙን ቁልፎች ለመቆለፍ ይታገላል።

"ለምን ተስማማህ?"

"ያንተ ልጆች ገና ሕፃናት ናቸው። የእኔዎቹ ራሳቸውን ችለዋል። ደግሞስ የወረወርኩት እኔ አይደለሁም?"

"ነዝንዤህ ነዋ!"

"ታዲያ አንተ መቼ ሳትነዘንዝ ቀርተህ ታውቃለህ?" ሲሪሎ ፈገግ ሊል ሞከረ። አንዱ ቁልፍ እንደገና ከጣቶቹ አመለጠው።

ኤላዲዮ ጎንበስ ብሎ ሸሚዙን ከታች እስከ አንገቱ ቆለፈለት። ሁለቱም አልተያዩም።

"ነገም ማን ሊቆልፍልህ ነው?" አለ ቀስ ብሎ።



ኤላዲዮ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ከታች "ቁልፉን ለምኜ የወሰድኩት፣ ክንዱንም ያወረድኩት እኔ ነኝ" ብሎ ጻፈና ፈረመ።

"አብደሃል እንዴ? ያባርሩሃል!"

"ያባርሩኝ" አለ ኤላዲዮ። ሲሪሎ በግራ እጁ የኤላዲዮን ክንድ ያዘው፤ ለረጅም ጊዜም አልለቀቀውም።