እናቴ የገንዘብ ተቋማትን ያስተማረች ቀን

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት የቅዳሜ ጠዋት ክፍል ተሰጠኝ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ የሚውሉ ሰዎች ነበሩ፤ ነርሶች፣ የሱቅ ሠራተኞች፣ አንድ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌርም ነበሩበት። ሹፌሩን ክፍሉ በሙሉ «ጋሼ ፍሬን» ይላቸዋል፤ ያልገባቸው ነገር ሲመጣ እጃቸውን አውጥተው «ቆይ ቆይ!» ብለው ትምህርቱን ቀጥ ያደርጉታላ።

የመጀመሪያ ቀን «የገንዘብ ገበያና ተቋማት መግቢያ» ብዬ ጻፍኩና ሰሌዳው ላይ ሁለት ክብ ሣልኩ። በአንዱ ቆጣቢዎች፣ በሌላው ተበዳሪዎች፣ መሀላቸው ደግሞ አንድ ሳጥን። ሳጥኑ ባንኩ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ነው አልኩ።

«ቆይ ቆይ፣ መምህር!» አሉ ጋሼ ፍሬን። «እኔ ሳጥኑ ውስጥ ያስገባሁትን ሌላ ሰው ከወሰደው፣ እኔ ምን ተጠቀምኩ?»

መጽሐፉ ላይ እንዳለው መለስኩላቸው። በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንዳልገባቸው ግን ፊታቸው ያስታውቃል። እኔም ብሆን በቃሌ ያጠናሁትን ነበር የደገምኩት።

ቤት ስገባ ልብስ ሰፊዋ እናቴ የተማሪ ዩኒፎርም ላይ ቁልፍ እየተከለች ነበር። የሆነውን አጫወትኳት።

«እሱ ምን ይከብዳል?» አለች ክሩን በጥርሷ በጥሳ። «እኔ ኦቨርሎኳን የገዛሁት እኮ ከዚያ ሳጥን ነው።»

የልብስ ጠርዝ የምትዘመዝመዋን መኪና ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ በምን እንደተገዛች ግን ጠይቄ አላውቅም። «እማዬ፣ መጥተሽ ንገሪልኝ» አልኳት። «አብደሻል እንዴ!» አለችኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ጫማዋን ጠርጋ፣ ከኔ ቀድማ በር ላይ ቆማ ነበር።

ክፍል ገብታ ሰሌዳው አጠገብ ቆመች።

«ባሌ ሲሞት የነበረችኝ አንዲት የእግር ስፌት መኪና ናት» አለች። «ለመጪው ዓመት የሁለት መቶ ተማሪ ዩኒፎርም ትእዛዝ መጣልኝ። ጠርዙን በእጄ ልዘምዝም ብል ዓመትም አይበቃኝ። ባንክ ሄድኩ፤ የቤት ካርታ ያስይዙ አሉኝ። ቤቱ የኪራይ! በኋላ አንዷ ደንበኛዬ አውቶቡስ ጋራዡ አጠገብ ወዳለው የቁጠባና ብድር ማኅበር ላከችኝ። ስድስት ወር ቆጠብኩ፣ ሁለት ዋስ ጠራሁ፣ አበደሩኝ። ገንዘብ ከፋዩን ባመሰግነው ‹እኔን ምን ያመሰግኑኛል፣ ገንዘቡ የአባላቱ ነው› አለኝ። እነማን እንደሆኑ ሳላውቅ በሦስት ዓመት ከነወለዱ ከፍዬ ጨረስኩ።»

«የአክሲዮን ገበያውስ?» አለች አንዷ ነርስ። «እዚያም ሳጥን አለ?»

«እዚያ ድርጅቱ አዲስ አክሲዮን ሲሸጥ ገንዘብሽ በቀጥታ ድርጅቱ ጋ ነው የሚገባው» አልኳት። «የእናቴን ሥራ አክሲዮን ብትገዢ አበዳሪ ሳይሆን ባለድርሻ ነሽ። ካተረፈች ትካፈያለሽ፣ ከከሰረችም አብረሻት ነሽ።»

«ያኔማ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አብረን ጦማችንን እናድር ነበር!» አለች እናቴ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ጋሼ ፍሬን ግን አልሳቁም። «ቆይ ቆይ» አሉ ቀስ ብለው። «ጋራዡ አጠገብ ነው ያሉት? እኔ እኮ የዚያ ማኅበር አባል ነበርኩ። በየወሩ ከደመወዜ ይቆረጣል። ባለቤቴ ናት በግድ ያስገባችኝ።»

እናቴ ወደ ወንበራቸው ሄዳ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው።

«ሃያ ዓመት ሙሉ የማመሰግነው ሰው ስፈልግ ነበር» አለች።

«ኧረ እትዬ፣ እኔ እኮ እያጉረመረምኩ ነው የሰጠሁት!»

«እያጉረመረሙም ቢሆን ሰጥተዋል።»

ጋሼ ፍሬን ብድግ አሉ። «እንግዲያው እኔም ላመስግን። የቤቴን ጣሪያ የከደንኩት ከማኅበሩ ባገኘሁት ወለድ ነው። ለካ እንደርስዎ ያሉ ሰዎች የከፈሉት ኖሯል!» ወደ እኔ ዞሩ። «አሁን ገባኝ፣ መምህር።»

ጠመኔዬን አስቀመጥኩ። ለኔም ገና መግባቱ ነበር። የትምህርት ቤት ክፍያዬም፣ መጽሐፎቼም ከዚያች መኪና የወጡ ናቸው፤ መኪናዋ ደግሞ መልካቸውን ከማላውቃቸው ሰዎች ደመወዝ።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ክንዷን ያዝኩ።

«እማዬ፣ አመሰግናለሁ።»

«ለምኑ?»

«እንጃ… ለሁሉም።»

እንባዋን እንዳላይባት ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። «በይ ነይ» አለችኝ፤ «የሰው ልብስ ተቀብዬ ነው የወጣሁት፣ ከሰዓት መጥተው ይወስዳሉ።»