ከሦስት በኋላ ያለችው ፉጨት

ዘፈኑ ኢንተርኔት ላይ የወጣው ጠዋት ነው፤ ልብስ ሰፊዋ ግን የሰማችው ከምሳ በኋላ ነው። ጠዋቱን አንዲት ደንበኛ የልጇን ዩኒፎርም ይዛ መጥታ «ስወስደው ልክ ነበር፣ ቤት ስደርስ አጠረ» እያለች ስትሟገታት ነበር ያረፈደችው።

ቤዝ ጊታሯ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ተጋድሟል። ባንዱ ሦስት ሰው ነው። እሷ ቤዝ ትጫወታለች፤ ታናሽ ወንድሟ ጊታር ይመታል፣ ይዘፍናል፤ ድራሙ ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው «ፍሬን» የሚለው ጓደኛቸው አለ። ፍሬን የተባለው ስለሌለው ነው፤ ወሬም ይሁን ምት አንዴ ከጀመረ የሚያቆመው የለም። የሚለማመዱትም የሚቀዱትም ከሱቋ ጀርባ ባለችው የጨርቅ ማስቀመጫ ውስጥ ነው። ጥቅል ጨርቁ ግድግዳውን ዙሪያውን ስለሸፈነው ድምፅ አያመልጥም። የባንዱም ስም ከዚያ መጣ፤ «መጋዘን» ብለውታል። ሚክሱን የሚሠራው ፍሬን ነው። ማንም አላስተማረውም፤ እየነካካ፣ እያበላሸ ለመደው።

«እትዬ፣ ሰማሽው ወይስ አሁንም መርፌ ላይ ነሽ?» አለ ፍሬን ከበሩ ሳይደርስ።

«ልሰማው ነው።»

«ቁጭ ብለሽ ስሚ። ብትወድቂ አላነሳሽም፣ ወገቤን አሞኛል።»

የጆሮ ማዳመጫውን ሰካች። መጀመሪያ የወንድሟ ድምፅ መጣ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።» አራት አይልም። በመጋዘን ሕግ አራተኛው ለትንፋሽ ነው። እሱ አየር ሲስብ ይሰሙታል፣ ያንን ሰምተው ሦስቱም አብረው ይገባሉ። ገቡ። ጊታሩ ጥሩ ነው፣ ድራሙም ለአንዴ ሳይቸኩል ይሄዳል። ከሁሉም ሥር ግን አንድ ቀጭን ነገር አለ። ይወጣል፣ መሃል ላይ ይሰበራል፣ ይወርዳል። ደግሞ ይመለሳል።

እግሯ ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ወረደ። 

«ይቺ ከሥር የምትሄደው ምንድን ናት?»

ፍሬን ፊቱ በራ። «አገኘሻት! ሰዉ ሁሉ የሚጠይቀው እሷን ነው። ኮመንቱን እይው፣ አንዱ ‹ያቺ ፉጨት ከጆሮዬ አልወጣ አለች› ይላል። የወንድምሽ ናት። ከሦስት በኋላ አየር ሲስብ ያፏጫል። መጀመሪያ የገመድ ችግር መስሎኝ ላጠፋት ነበር። ገመድ ቀየርኩ፣ ማይክ ቀየርኩ፣ እሷ ግን እሱን እየተከተለች ትመጣለች። ደጋግሜ ስሰማት ደግሞ ቆንጆ ሆነችብኝ። ቆረጥኳትና ከዘፈኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደረደርኳት።»

«ሆን ብሎ ነው ያፏጨው?»

«ታዲያ ሰው ሳይታወቀው ያፏጫል እንዴ?»

እሷ ግን ሰው ሳይታወቀው እንደሚያፏጭ ታውቃለች።

አባታቸው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እብነ በረድ ቆራጭ ነበር። ልጆች ሳሉ ከስስ ግድግዳ ወዲያ ሲተነፍስ ይቺው ድምፅ ትሰማ ነበር። እሷና ወንድሟ አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነው «የየትኛው ዘፈን ዜማ ናት?» እያሉ ይወራረዱ ነበር። ሲጠይቁት «እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አፏጫለሁ» ይላቸዋል፤ እነሱም ያምኑታል። ፉጨቱ የቆመ ዕለት ወንድሟ «ዛሬስ አባባን እንቅልፍ ወሰደው» ብሎ ደስ አለው።

ያ ልጅ አሁን አባቱ በሠራበት በዚያው መቁረጫ ቤት ይሠራል።

«ሱቁን ጠብቅልኝ» አለችና ተነሳች።

«ደንበኛ ቢመጣስ?»

«አጠረ ካሉህ፣ ልጁ ነው የረዘመው በላቸው።» ቀልዱ ከልማድ ወጣ እንጂ ከንፈሯ ደርቆ ነበር።

ጥጉ ላይ ስልክ የሚጠግነው ጎረቤት ዘፈኑን ከፍቶ እየሠራ ነበር። «እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አላትና ፉጨቷን በከንፈሩ አስመሰላት። መሰበሯን እንኳ አልሳታትም።  ፍጥነቷን ጨመረች፤ ድምፁ ግን መንገዱን እስክትሻገር ከኋላዋ ነበር።

መቁረጫ ቤቱ ውስጥ አቧራው እንደ ጉም ቆሟል። ወንድሟ ቅንድቡ ሳይቀር ነጥቷል፤ ሳታስበው የአባቷን ሽበት አየችበት። ማስኩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«በአንገትህ ነው እንዴ የምትተነፍሰው?» አለችው።

ማሽኑን አጠፋ። «እታለም፣ ምነው? ሱቁ ተቃጠለ?»

«ዘፈኑ ላይ ያለችውን ፉጨት ያፏጨኸው አንተ ነህ?»

ዓይኑን ወደ መጋዙ መለሰ። ዘፈኑን ገና አልሰማውም፤ የሰማው የፍሬንን ሙገሳ ብቻ ነው። «እኔ ነኛ። ስሜት ሲመጣልኝ አፏጫለሁ።»

«እስቲ አሁን አፏጭልኝ።»

«እዚህ? ሰዎቹ ምን ይሉኛል?»

«አፏጭ።»

ከንፈሩን አሹሎ አፏጨ። ጥርት ያለ፣ የወፍ ድምፅ የመሰለ ፉጨት ነበር። ሳይጨርሰው ሳል ያዘው። ድንጋዩን በእጁ ተደግፎ ደጋግሞ ሳለ፤ ቀና ሲል የመዳፉ ቅርጽ አቧራው ላይ ቀረ። እሷ ማዳመጫውን ጆሮዎቹ ላይ አድርጋ ዘፈኑን ከፈተችው።

ዓይኑን ጨፈነ። ቆጠራው ላይ ፈገግ አለ፤ የራሱ ድምፅ ሁሌ ያስቀዋል። ከዚያ ፈገግታው እዚያው ፊቱ ላይ ደረቀ። ያ ብርድ ልብስ ውስጥ የነበረው ልጅ መልሶ መጣባት።

«ከየት አገኛችሁት?» አለ፣ ማዳመጫውን እንዳደረገ፣ ጮክ ብሎ።

«ምኑን?»

«የአባባን ትንፋሽ። አባባን ማን ቀድቶት ነበር?»

 ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። እዚያ ድረስ የመጣችው ይህንኑ ልትነግረው ነበር።

«አባባን ማንም አልቀዳውም» አለችው።

ማዳመጫውን ቀስ ብሎ አወለቀ። እጁ ላይ አድርጎ አየው፤ ትንሽ አውሬ የያዘ ይመስል ነበር።

«ከፍ ያለ ትራስ ካልሆነ መተኛት ካቃተኝ ቆይቷል» አለ። «አቧራው ነው፣ ይለቀኛል ብዬ።»

«ተነስ፣ ራጅ እንነሳ።»

«ቅዳሜ ዝግጅት አለን። ከቅዳሜ በኋላ እሄዳለሁ።»

«አባባም ከክረምት በኋላ ነበር ያለው።»

 ማስኩን ከአንገቱ ፈትቶ ማጠፍ ጀመረ፤ እንደ መሐረብ በሥርዓት አጠፈው።

«ፈራሁ፣ እታለም።»

«እኔም።»

«አንቺ ትልቅ አይደለሽ? አይዞህ ነው የሚባለው።»

«ከፈለግህ እልሃለሁ።»

«ተይው። አሁን ብትዪኝ አላምንሽም።»

ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ስልኳ ነዘረ። ፍሬን ነው። «እትዬ፣ የቅዳሜው ዝግጅት ሰዎች ደውለው ነበር። ፉጨቷን መድረክ ላይ በአፉ እንዲያደርጋት ይፈልጋሉ። ለወንድምሽ ንገሪው፣ ይለማመድ።»

«እሺ» አለችና ዘጋችው።  ፍሬን ገና አልገባውም፤ ሲገባው ያቺን ድምፅ ሲቆርጥና ሲደረድር ማምሸቱ እንዴት እንደሚከብደው አሰበችና ለእሱም ፈራችለት።

ወንድሟ ሸሚዙን አውልቆ ገብቷል። የራጅ ክፍሉ በር በደንብ አይዘጋም፤ የሠራተኛው ድምፅ ይሰማታል።

«ደረትህን ለጥፍ። ትከሻህን ወደፊት። እንደዚያ። ትንፋሽህን ሳብ ስልህ ትስባለህ፣ ያዝ ስልህ ትይዛለህ።»

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለ ወንድሟ በቀስታ።

«ምን አልክ?»

«ምንም፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ከበሩ ውጭ ቆማለች። ቀኝ እጇ ሳታዘው የቀሚሷን ጎን እንደ ቤዝ ክር ይዞ መግቢያውን ይጠብቃል። ምናልባት ማይኩ ነው፣ አለች በልቧ። ምናልባት ፍሬን ገመዱን በደንብ አልቀየረውም።

«ሳብ» አለ ሰውየው።

ከበሩ ወዲያ፣ ያለ ጊታር፣ ያለ ድራም፣ ፉጨቷ ብቻዋን መጣች። ወጣች፤ መሃል ላይ ተሰበረች።

«ያዝ።»

እሷም ትንፋሿን ያዘች።