ካቡን በቀኝ

የቅዳሜ ተጓዦች ከመምጣታቸው በፊት የመንገዱን ምልክት ቀብቼ መጨረስ ነበረብኝ። ከመንደራችን እስከ ግድቡ ያለው መንገድ የእኔ ድርሻ ነው። ነጭ መስመር፣ ከሥሩ ቀይ፣ ከመዳፍ እንዳይበልጥ ብሏል የመንገዱ ኮሚቴ። የካትማንዱ ሰዎች ከኮረብታ ኮረብታ አራት ቀን ይሄዳሉ፣ ለመዝናናት። እኛ ጨው ተሸክመን የሄድንበትን። ምልክት ካጡ የምናገኛቸው ድንች እርሻችን ውስጥ ነው።

ቅዳሜ ሌላም ነገር አለ። ታናሽ እህቴ፣ ስሟ ካንቺ፣ አባዬን ይዛው ወደ ከተማ ልትወርድ ነው። ሁለቱም ዓይኖቹ ሞራ ለብሰዋል። በነጻ የሚገፍፉት ሐኪሞች እሁድ ከከተማው ይሄዳሉ።

"አልሄድም" ይላል።

"ለምን?"

"ድንቹን ማን ይቆፍራል?"

ድንቹን ካየው ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ሐሙስ ማኒው ጋ ደረስኩ። ጸሎት የተቀረጸባቸው ድንጋዮች የተደረደሩበት ረጅም ካብ ነው፤ መንገዱ መሀል ተጋድሟል። ሰው ካቡን በቀኙ አድርጎ ነው የሚያልፈው፤ ሲሄድ በአንዱ ጎን፣ ሲመለስ በሌላው። ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ግን ወደ ከተማ ሲወረድ በግራ ያለውን ጎን ከክረምቱ ወዲህ ሳማ ውጦታል። ቸኩያለሁ። ለሚወርድም ለሚወጣም ሳማ በሌለበት ጎን ቀባሁ፤ የሚወርደው ካቡን በግራው ያድርግ። ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እራት ላይ ለአባዬ ነገርኩት።

"የሚወርደውን በየት በኩል ቀባሽው?"

"ሳማ በሌለበት።"

የዳጉሳ ገንፎውን ገፋ አደረገው።

ዓርብ ጠዋት አልጋው ባዶ ነው። ማጭዱም የለም።

ካቡ ጋ አገኘሁት። ተንበርክኮ፣ በዳሰሳ፣ ሳማ ያጭዳል። እጁ እስከ ክርኑ አባብጧል።

"አንተ ሰውዬ አብደሃል?"

"ቀስ በይ፣ ማይሊ። እናትሽ እዚህ አለች።"

ቀኝ እጁን ድንጋዮቹ ላይ እያስኬደ ሄደና አንዱ ጋ ቆመ። ከሌሎቹ በምንም አይለይም።

"ይሄ የእሷ ነው። ከሞተች በአርባ ዘጠነኛው ቀን አቆምነው። እህትሽ ካንቺ ጀርባዬ ላይ ነበረች፣ አንቺ ቤት ተኝተሽ።"

"ለምን አልነገርከንም?"

"ምን ብዬ? በየቀኑ በአጠገቧ ታልፉ ነበር እኮ።" ማጭዱን ወደ ሳማው መለሰ። "አሁን ያ ሁሉ ሰው በተገላቢጦሽ ይለፋት?"

ድንጋዩን ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው። ማጭዱን ከእጁ ወሰድኩ።

"አትችይም፤ ትቸኩያለሽ።"

"ስለምቸኩል ነው የምችለው። ተቀመጥ።"

እስከ ምሳ ጨረስኩ። የሚወርደውን ምልክት ፍቄ በዚህኛው ጎን ቀባሁት። እሱ ድንጋይዋ ሥር ቁጭ ብሎ ነበር።

"እንግዲህ ትሄዳለህ?"

"ባልመለስስ?"

"ሐኪም ቤት ነው የምትሄደው፣ ጦርነት አይደለም።"

"አጎትሽ ለጥርሱ ሄዶ መች ተመለሰ?"

"አግብቶ ነው የቀረው።"

"ይኸው።" ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው። "በዚህ የወረደ ሰው በዚያ ካልተመለሰ የካቡ ዙር አይሞላም። ግማሽ ዙር ሰጥቻት ልቅር?"

"አሁንስ ሙሉ ነው?" አልኩት።

"አሁን? አሁን ተቀምጫለሁ።"

"ተቀምጠህ ሩብም አልሞላህላት። ሄደህ ተመለስ።"

አሰብ አደረገ። "ሳማውን ቋጥሪው፣ ለመንገዴ ሾርባ" አለኝ። መሄዱን የተናገረው በዚህ ነው።

ቅዳሜ ካንቺ በከተማ ጫማዋ መጣች። ሾርባውን ጠጣች፣ የአባዬን እጅ አየች።

"ይሄ ሁሉ ለአንድ ድስት ሳማ ነው?"

"ጠጪና ዝም በይ" አልኳት።

ካቡ ጋ ሄደን ተቀመጥን። ተጓዦቹ በዱላቸው እየተደገፉ መጡ፤ ምልክቱን አዩ፣ በግራ አለፉ፣ ካቡ በቀኛቸው። አባዬ የእያንዳንዱን ኮቴ አዳመጠ። ከዚያ ተነሳ። ቀኝ እጁን ካቡ ላይ አደረገና መውረድ ጀመረ። ድንጋይዋ ጋ ሲደርስ እጁ ቆየ። ዝቅ ባለ ድምፅ የሆነ ነገር አለ።

"ምን አለ?" አለች ካንቺ።

"ላንቺ አይደለም።"

ክንዱን ያዘችው። እስኪሰወሩ አየሁ። ከዚያ የቀለም ቆርቆሮዬን ይዤ ወደ መመለሻው ጎን ዞርኩ። የተመላሹ ምልክት እዚያው አለ፣ መዳፍ የሚያህል። በላዩ ቀባሁበት። ቀዩን ትሪ አሳከልኩት፣ ነጩን የክንዴን ያህል፣ ቀለሙ እስኪያልቅ። ኮሚቴው ይናገር።

በአዲስ ዓይን የሚመጣ ሰው ከሩቅ ያየዋል።