የቸኮል አባት

«እኔ የተሰማ፣ ተሰማ የእንግዳ፣ እንግዳ የቸኮል፣ ቸኮል የ...»

አያ አለበል መደቡ ላይ እንደተቀመጡ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። አንድ እግራቸው ሱሪው ውስጥ ገብቷል፤ ሌላው ገና ውጭ ነው። ምራታቸው ይታይሽ የሱሪውን ጫፍ ይዛ ተንበርክካ ትጠብቃለች፤ እግሩንም ስሙንም።

«ቸኮል የማን ነበር፣ አባባ?»

«ቸኮልማ... ያ ጨው ይዞ የሚመጣው ሰውዬ ማን ይባላል?»

«እሱ ነጋዴ ነው። ዘርዓ ብሩክ ይበሉ።»

«አዎን! ዘርዓ ብሩክ! ምነው አንቺ ከኔ በፊት ተወልደሽ ኖሯል?»

ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። መቀነታቸውን አስራ ሳትጨርስ ስሙ ተመልሶ እንደሚጠፋ ታውቃለች። ትናንት ባዶውን ቦታ በጨው ነጋዴው ደፈኑት፤ ከትናንት ወዲያ ደግሞ በወንዝ ስም።

ሰባት ዓመት ሙሉ፣ እሷ ጥጥ ስትፈትል እሳቸው ከመደቡ ላይ ሆነው ትውልዳቸውን ሲቆጥሩ ኖረዋል። ባሏ ደምሌ የአባቱን ወሬ ሁሉ ተረት ነው ብሎ ጆሮውን ከዘጋ ቆይቷል። ምን ያድርግ! የበረዶ ጠጠር ወድቆ ሰባት በግ አረደልኝ፣ ሥጋውም እዚያው በረዶው ላይ እስከ ፋሲካ ከረመልኝ የሚሉ ሰው ናቸው። አርብ ገበያ ወርደውም የምራታቸውን ወጥ ቅጥነት ለአገር አወሩት። «ጣባው ውስጥ አንድ ሽማግሌ አየሁ። ‹እንደምን አደሩ› ብለው ‹ተወኝ ወንድሜ፣ እኔም ገና አልበላሁም› አለኝ» ብለው። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ይታይሽ ሦስት አርብ ከቤት አልወጣችም።

ከዚያ ወዲህ ነው ለደምሌ ቁርጡን የነገረችው። «የመሬቱ ሙግት ቆጠራ ይለፍና ንፋስ መውጫ እህትህ ጋ ይሂዱ። እኔ በቃኝ።» ደምሌም እሺ አለ። እንዲያውም ከችሎቱ በቀጥታ እወስዳቸዋለሁ ብሎ የአባቱን ቁርበትና ኩታ በቅሎዋ ላይ ጭኗል። ሽማግሌው ይህን ሰምተው እንደሆን አይታወቅም። የቸኮል አባት የጠፋው ግን በዚያው ሰሞን ነው። ይህ ነገር ይታይሽን እንደ እሾህ ይወጋታል። እውነት ጠፍቷቸው ነው? ወይስ ቆጠራው ካለቀ የሚፈልጋቸው ሰው እንደሌለ ገብቷቸው ነው?

መንገዱን ሁሉ ከበቅሎዋ ኋላ ስትሄድ ነጠላዋን አሥር ጊዜ ፈታች፣ አሥር ጊዜ አጣፋች። ከወንዙ በላይ ያለው የገብስ መሬት ዛሬ ከሄደ የቀረው ጭንጫ ለዶሮም አይበቃ።

ዳኛው አቶ ወልደማርያም ወደ ቤተ ልሔም ደብር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጥዱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሽማግሎች በግራ በቀኝ አሉ። ከሳሹ አስናቀ አዲስ በርኖስ ለብሶ ቆሟል።

«በጃንሆይ አምላክ!» አለ አስናቀ። «መሬቱ የአባታችን የወልደ ሐና ነው። እነዚህ ሰዎች ከወልደ ሐና አይወለዱም። ቅድመ አያታቸው ቸኮል እግር የጣለው መጤ ነው። ዘር ነን ካሉ ሽማግሌው ከራሳቸው እስከ ወልደ ሐና ይቁጠሩልኝ!»

«ይቆጥራሉ» አሉ ዳኛው። «ነገር ግን ስም የሚያቀብል ሰው ከተገኘ ቆጠራው ፈርሷል፤ መሬቱም ለአስናቀ ነው። ሰማችሁ?»

ይታይሽ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ያዘች።

አያ አለበል በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ድምፃቸው እንደ ደብተራ ጠራ። «እኔ የተሰማ! ተሰማ የእንግዳ! እንግዳ የቸኮል! ቸኮል...»

እዚያ ላይ ቆሙ።

አንድ ሽማግሌ አክ አለ። ደምሌ መሬት መሬት ያያል። አያ አለበል ዓይናቸውን ከሰው ሰው ሲያዞሩ ቆዩና ይታይሽ ላይ አሳረፉት። ዘርዓ ብሩክ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። ከንፈሯ ቢነቃነቅ መሬቱ ሄደ፤ ባይነቃነቅም ሄደ። ዓይኗን ጨፈነች።

«ቸኮል የቦራ!» አሉ ሽማግሌው በሙሉ ድምፅ።

ቦራ በረታቸው ውስጥ ያለው ግንባረ ነጭ በሬ ነው። አገሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ የሰው አጥር ጥሶ ያልገባበት ማሳ የለምና።

ጥዱ ሥር ያለው ሰው በአንድ ጊዜ በሳቅ ፈነዳ። ዳኛው እንኳ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ከሁሉ በላይ የሳቀ አስናቀ ነው። ሆዱን ይዞ ጎበጠ፣ በርኖሱ ከትከሻው ወደቀ።

«ኧረ ጉድ! ኧረ ስሙልኝ!» አለ እንባውን እየጠረገ። «የዘርዓ ብሩክን ልጅ ለበሬ ሰጡት! ኧረ ዘርዓ ብሩክ ከመቃብር ተነሥቶ ይስማ!»

ሳቁ ከዳር ጀምሮ እየቀነሰ መጣ። በመጨረሻ አስናቀ ብቻውን ሲስቅ ተገኘ፤ እሱም አቆመ።

«ምን አልክ?» አሉ ዳኛው ጋቢያቸውን ከአፋቸው አውርደው።

«እኔ... እንዲያው ለሳቅ...»

«ቸኮል የማን ልጅ ነው አልክ?»

አስናቀ በርኖሱን አነሣ፤ አቧራውን ያራግፍ ጀመር። ብዙ አራገፈው።

«ዘርዓ ብሩክስ የማን ነው? ይኸ ያንተም ዘር ነው፣ አይጠፋህም።»

«የ... የወልደ ሐና» አለ አስናቀ። ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም።

ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ስም አቀባይ ካለ ይፈርሳል ብለን ነበር» አለ አንዱ። ሌላው ቀበል አድርጎ «ከሳሽ ራሱ ሲያቀብል ምን ይባላል?» አለ። ዳኛው ብዙ አላሰቡም። መሬቱ ባለበት ይርጋ አሉ።

ደምሌ ከደስታው ብዛት የሁሉንም ጉልበት ሳመ፤ የአስናቀን ጉልበት ሳይቀር ሊስም ጎንበስ ብሎ ነበር። ከዚያ አባቱን ደግፎ በቅሎዋ ላይ አወጣና መንገድ ጀመሩ። ከጥዱ ትንሽ ዝቅ ሲሉ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ቤት ይወርዳል፤ ሌላው በሸንተረሩ ሽቅብ ወደ ንፋስ መውጫ ይወጣል።

ደምሌ ቆመ። «እንግዲህ አባባ፣ እቴ ናፍቃዎታለች። ጥቂት ይከርሙባታል» አለ፤ ዓይናቸውን ግን አላየም።

አያ አለበል ሽቅቡን መንገድ አዩት። ኋላቸው የተጠቀለለውን ቁርበት በእጃቸው ዳሰሱት። ጎንበስ ብለው ለይታይሽ ብቻ «ሳቁ አይደል?» አሏት።

«ሳቁ፣ አባባ።»

«በደንብ?»

«በጣም በደንብ።»

ፊታቸውን መረመረችው። ጉንጫቸው ላይ ያለው መጨማደድ የፈገግታ ይሁን የፀሐይ መለየት አልቻለችም። ሰባት ዓመት ያየችው ፊት ነው።

ደምሌ መሳቢያውን ገመድ ይዞ ወደ ሽቅቡ ሳበ። በቅሎዋ አንድ እግሯን አንሥታ ቆመች። ይታይሽ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ አፍ ላይ እንደቆመች ልጓሙን ይዛዋለች።

«ልቀቂ እንጂ! ሊመሽ ነው» አለ ደምሌ።

አልለቀቀችም። አይሂዱ እንዳትል ራሷ የጠየቀችው ነገር ነው። እጇ ግን ልጓሙ ላይ ነበር። በቅሎዋ ጭንቅላቷን አንዴ ወደሱ፣ አንዴ ወደሷ ታዞራለች።

«አንድ ጊዜ» አሉ አያ አለበል ከላይ ሆነው፣ ኩታቸውን እያመቻቹ፣ «አንዲት በቅሎ ሁለት መንገድ መጋጠሚያ ላይ ሦስት ዓመት ቆመች። ታዲያ በሁለተኛው ክረምት ጀርባዋ ላይ ገብስ በቀለ...»