ያለ «ነገር ግን»

ሰው በድንበር ይጣላል፣ በውርስ ይጣላል፣ ሲብስም በደም ይጣላል። ላቀውና ማለደ ግን «ፈላስፋ ማን ነው?» በሚል ተጣሉ። ያውም ፊት ለፊት ተያይተው ሳይሆን ፌስቡክ ላይ።

ሁለቱ አብሮ አደጎች ናቸው። ላቀው ጎንደር ከተማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፍልስፍና ያስተምራል። ማለደ ደግሞ ማክሰኝት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ መምህር ነበር። ከሥራ መልስ ስለ ሞት፣ ስለ ፍርድ፣ ስለ ባልንጀርነት ፌስቡክ ላይ ይጽፋል፤ አንባቢው ብዙ ነው። «ፈላስፋው» ይሉታል፤ እሱም ሲሉት አይጠላም። ላቀውን ያንገበገበው ይኸው ነበር። ዕድሜ ልኩን ተምሮ የጻፈውን ከባልደረቦቹ በቀር የሚያነብለት የለም፣ ማለደ በአንድ ከሰዓት የጻፈው አገር ይዞራል። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም ልስጠው ብልም አይሆንልኝም።

አንድ ቀን ላቀው ከማለደ ጽሑፍ ስር ገባና «ፈላስፋ ማለት ሐሳቡን በሥርዓት የሚመረምር ነው እንጂ ጥቅስ የሚለጥፍ አይደለም» ብሎ ጻፈ። ማለደ ቀልደኛ ነው፤ «ለመሆኑ ሶቅራጥስ ጋዋን የለበሰው የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው?» ብሎ መለሰለት። ሕዝቡ ሳቀ። የላቀው ደም ፈላ።

«ሶቅራጥስ ቢያንስ ሎጂክ ወድቆ ከግቢ አልተባረረም» ብሎ ጻፈና ሻይ ሊጠጣ ወጣ።

ማለደ ወድቆ አያውቅም። ሁለቱም የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳሉ እናቱ ታመሙበት፤ ፈተናውን ጥሎ፣ እሳቸውን ይዞ ጠበል ወረደ። ክረምቱን በሙሉ አስታመመ፤ ቀበራቸው፤ በዚያው ከግቢ ቀረ። በኋላ ነው በማታው ተምሮ መምህር የሆነው። ይህን ደግሞ ከላቀው የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። የማለደን ሳጥን ተሸክሞ እስከ መናኸሪያ የሸኘው እሱ ነው። እናትየው ሲቀበሩም አብሮ አልቅሷል። ሕዝቡም ያመነው ለዚህ ነው፤ «አብሮ አደጉ ነው፣ ሳያውቅ አይናገርም» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የማክሰኝት ተማሪዎች መምህራቸውን «ሎጂክ» እያሉ ይጠሩት ጀመር። አንድ ጠዋት ማለደ ሊያስተምር ሲገባ «ሎጂክ የወደቀ ፈላስፋ» የሚል ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ጠበቀው። አጥፍቶት ትምህርቱን ቀጠለ። ልጁ ይመኙሽ ግን በዚያው ክፍል፣ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማለደ መጻፍ ተወ። ላቀውም አልደወለለት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ላቀው እንኳ አልረሳም ነበር፣ ብቻ ቀን በቀን ላይ ተደረበ።

ኋላ ማለደ በጉበት ታመመ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሞክረው ወደ ቤቱ መለሱት። ይኼኔ ሚስቱ እጅጋየሁ ለአያ ወንዴ ነገረች። አያ ወንዴ የማክሰኝት ሽማግሌ ናቸው፤ ስንት ደም ያደረቁ ሰው ናቸው። ላቀውን አስጠርተው ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ አስቀመጡት።

«በሉ እስቲ፣ በምን ተጣላችሁ? ድንበር ነው?»

«አይ፣ አያ ወንዴ» አለ ላቀው አንገቱን ደፍቶ። «ፈላስፋ ማን ነው በሚል ነው።»

«ማን ሆነ ታዲያ?»

ማለደ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ፣ እጅጋየሁ ደግፋ አቀናችው።

አያ ወንዴ ነገሩን ከሥሩ ሰሙና ፈረዱ። «በአደባባይ የገፈፍኸውን በአደባባይ አልብሰው። እዚህ ጓዳ ይቅርታ ብትለው ምን ይረባዋል? ሰው በተሰበሰበበት በዚያው ነው።»

«ፈላስፋ በለኝ አልልህም» አለ ማለደ። ድምፁ ደክሟል። «አልወደቀም፣ እናቱን ሊያስታምም ነው የወጣ፣ በልልኝ። ለይመኙሽ ብዬ ነው። እኔ ስሄድ በዚህ ስም የሚጠሩት አባት እንዳይኖራት።»

«ዛሬውኑ እጽፋለሁ» አለ ላቀው፤ ጉልበቱን ሳመው።

«ያለ ‹ነገር ግን› ታዲያ!» አለ ማለደ። ሁለቱም ፈገግ አሉ። ተማሪ ሳሉ ላቀው «ነገር ግን» ሳይል ንግግር ስለማይጨርስ የግቢ ስሙ እሱው ነበር፤ ያወጣለትም ማለደ ነው።

ላቀው ጎንደር እንደገባ ጻፈ። «ማለደ ሎጂክ አልወደቀም። ከግቢ የወጣው እናቱን ሊያስታምም ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበለኝ።» አለቀ፤ ሌላ ምንም አያስፈልገውም ነበር። ሊለጥፈው ሲል ግን «በክርክሩም ተረታ ይሉኛል» የሚል ሐሳብ መጣበት። «ነገር ግን ይህ ማለት ማለደ ፈላስፋ ነው ማለት አይደለም» ብሎ ጨመረ። ሲያነበው ጭካኔ መሰለው፤ ማለስለሻ ጻፈለት። ማለስለሻው ማብራሪያ ፈለገ። ማብራሪያው ደግሞ «ፍልስፍና ምንድን ነው?» ወደሚለው ወሰደውና እዚያው ሰመጠ። የተማረ ሰው ሲሞኝ እንዲህ ነው።

እጅጋየሁ ደወለች። «ላቀው፣ ምነው ቆየ?»

«እያስተካከልሁት ነው።»

ደግማ ደወለች። «ይጠይቀኛል እኮ።»

«ነገ ይደርሳል። በደንብ ይሁን ብዬ ነው።»

በሦስተኛው የደወሉት አያ ወንዴ ናቸው። ማለደ አርፏል።

ላቀው ወደ ማክሰኝት የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባ። ጠዳ ከተማን ሲያልፉ ስልኩን አወጣና ከ«ነገር ግን» ጀምሮ ያለውን ሁሉ ሰርዞ የቀረውን ለጠፈው። ሚኒባሱ ቀጣዩ መንደር ሳይደርስ ሥራው አልቆ ነበር። ይህን ሲያይ እዚያው ተሳፋሪ መሐል እንባው ወረደ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ አያ ወንዴ ተጠጉለትና ቦታ ሰጡት። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ከለጠፈው ጽሑፍ ስር ሰዎች ማለደ ፈላስፋ ነበር፣ አልነበረም እያሉ ይከራከራሉ። ላቀው ስልኩን አጠፋና ተነስቶ እጅጋየሁ አጠገብ ተቀመጠ።

«ጽፌዋለሁ» አላት።

«ይመኙሽ አሳይታኛለች፤ ሸጋ ነው» አለች። ዓይኗ አብጧል። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በየቀኑ ‹ወጣ?› ይለኝ ነበር። ትናንት አንጀቴ አልችል አለና ‹አዎ፣ ወጣ› አልሁት። ‹አንብቢልኝ› አለኝ። ስልኩን ይዤ ከልቤ እየፈጠርሁ አነበብሁለት። ማለደ አልወደቀም፣ እናቱን ሊያስታምም ነው የወጣ፣ የዋሸሁ እኔ ነኝ አልሁ፤ አንተን ሆኜ።»

«ምን አለሽ?»

«‹ከዚያስ?› አለኝ። ‹በቃ፣ እዚህ ላይ ነው ያለቀ› አልሁት። ‹ነገር ግን የለበትም?› አለኝ። ‹የለበትም› አልሁት።»

ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

«‹እንግዲያ ላቀው አልጻፈውም› አለኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ወዲያ ‹ወጣ?› ብሎ አልጠየቀኝም።»