ካሺ ላይ የሚተው ፍሬ

ቲላካቫቲ ባሏን ቅድስቲቱ ከተማ ካሺ ድረስ ያመጣችው ለነፍሱ ብላ አይደለም። ነፍሱስ ደህና ናት፤ ያስቸገረችው እግሩ ነው። ሸማኔው ቾካሊንጋም ስኳር አለበት። አምና ሐኪሞቹ የግራ እግሩን ትንሿን ጣት ቆርጠው ሲያበቁ፣ «ማንጎ ካላቆሙ ቀጥሎ እግሩ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እኛ የለንበትም» ብለውታል። እሱ ግን ማንጎ በደረሰ ቁጥር ጆሮው ይደፈናል።

ካሺ የደረሰ ሰው ጋንጋ ወንዝ ውስጥ ቆሞ አንድ አትክልትና አንድ ፍራፍሬ ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ እስኪሞት አይቀምሳቸውም። ወጉ የሚወዱትን መተው ነው፤ ሰው ግን ሰው ነውና አብዛኛው የሚጠላውን ይተዋል። ቾካሊንጋም ሐኪም ይዋሻል፣ ሚስቱንም ይዋሻል። በጋንጋ ፊት የተናገረውን ግን አያጥፍም። አርባ ሁለት ዓመት አብራው የኖረች ሴት ይህን ታጣዋለች?

ከከተማቸው ከሳሌም በባቡር ሲመጡ ነገሩን ቀስ ብላ ጀምራው ነበር።

«ምን ሊተዉ አስበዋል?»

«አንቺን።»

«እኔን ማን ይበላኛል? የሚተወው የሚበላ ነገር ነው።»

«እንግዲያው አንቺ እኔን ተዪኝ። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትበዪኝ ኖረሽ የለ!»

አጠገባቸው የተቀመጡት መንገደኞች ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ልቧ ግን ከሳቁ ውስጥ አልነበረም።

ማለዳ ወደ ወንዙ የሚወስደውን ደረጃ ሲወርዱ ትከሻዋን ተደግፎ ያነክስ ነበር። ካህኑ ቀጭን፣ ችኩል ሰው ነው፤ ከኋላ ብዙ ሰው ይጠብቀዋል። እስከ ወገባቸው ውኃው ውስጥ አቆማቸው።

«አባት፣ የሚተዉትን ጮክ ብለው ይናገሩ። ከአትክልት?»

«መራራ ቅል!» አለ ቾካሊንጋም፣ መልሱን ሸምድዶ እንደመጣ ተማሪ።

ቲላካቫቲ ክው አለች። መራራ ቅል ማለት እኮ ለስኳሩ ብላ በየማለዳው ጨምቃ፣ ለምናም ተቆጥታም የምታጠጣው ነው። ሰውዬው መድኃኒቱን ተወ!

«ከፍራፍሬስ?»

ባሏን አየችው። እሱ ጀልባዎቹን ያያል።

«ፓፓያ።»

ፓፓያ ከልጅነቱ ጀምሮ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ካህኑ ውኃ በእፍኙ አፍስሶ ቃሉን አጸናው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ጋንጋ አንዴ ከሰማች በኋላ ልቀንስ፣ ልጨምር የለም። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ እንዲሉ፣ ለካ እሷ ስታሴር እሱም ከሳሌም ጀምሮ ሲያሴር ኖሯል።

«አንቺ ብቻ ያሰብሽ መሰለሽ?» አላት በሹክሹክታ፣ ፊቱ በደስታ በርቶ።

መቆጣት አቃታት። ፈራች። እንደ መበለት ጸጉሯ ያለ አበባ፣ እጇ ያለ አምባር፣ ቤቷ ያለ እሱ ታያት።

«እናት፣ ከአትክልት?»

«ባሚያ።»

«ከፍራፍሬ?»

ለባሏ እንደነገረችው ዘይቱን ልትል ነበር አመጣጧ።

«ማንጎ» አለች።

የቾካሊንጋም ፈገግታ ጠፋ። «ተሳስታ ነው! ዘይቱን ማለቷ ነው፤ ዘይቱን በልላት እንጂ!»

«አልተሳሳትኩም።»

«አባት» አለ ካህኑ ውኃውን እያፈሰሰ፣ «ጋንጋ እኮ ጆሮ አላት።»

ነገሩ ለካህኑ ምኑም አይደለም፤ እነሱ ግን ያውቁታል። ከተጋቡበት ዓመት ጀምሮ ማንጎ የሚቆርጠው ቾካሊንጋም ነው፤ የመጀመሪያዋን ቁራጭ በእጁ ያጎርሳታል፣ እስክትውጥ ያያታል፣ ከዚያ ነው እሱ የሚበላው። ለመውለድ እናቷ ቤት በሄደች ጊዜ ማንጎው መደርደሪያ ላይ በስብሶ ተጣለ። ብቻውን በልቶት አያውቅም። እሷም ብትሆን ትወደዋለች፤ እንዲያውም ከእሱ ሳትብስ አትቀርም።

በቪሽዋናት ቤተ መቅደስ ሰልፍ ውስጥ እየተገፋች መጸለይ አቃታት። እሱ በማታለሉ ክው ያለችው ሴት፣ እሷ ያደረገችውስ ምን ይባላል? ሰውዬውን በገዛ ፍቅሩ ጠልፋ ጣለችው። አፈረች። ግን ቃሏን መልሳ ብትናገር ኖሮ ያንኑ ትለው ነበር፤ ይህንንም ታውቀዋለች።

ቾካሊንጋም ያን ቀን አላናገራትም። በማግስቱም ባቡሩ ውስጥ ፊቱን አዙሮ ዋለ። ናግፑር ጣቢያ ሲቆሙ አንዲት ሴት የማንጎ ቅርጫቷን ይዛ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ጠራት። ትልቁን መርጦ አነሳና አሸተተው።

ቲላካቫቲ ስታስብበት የነበረውን አወጣችው። «ይብሉ። ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። ምንም አልልዎትም።» የምሯን ነበር፤ ዓይኗን ግን ከፍሬው አልነቀለችም።

ፍሬውን በእጁ እያገላበጠ ቆየ። ባቡሩ ንቅንቅ አለ።

«አባት፣ ይግዙ ወይ ይመልሱልኝ!» ሴትዮዋ እየተራመደች ጮኸች።

መለሰላት። ጣቶቹን በሽርጡ ጠረገና በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሚስቱ ዞረ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ቀማኛ!» አላት። «የመጀመሪያዋን ቁራጭ ማንን ላጉርስ?»

 እጁን ያዘችው፤ እሱም አልነጠቃትም።