የችሎቱ ዋዜማ

«ስጪን» አሉ ጋሼ እስጢፋኖስ ለሁለተኛ ጊዜ። «ነገሩን ለእኛ ስጪን።»

ዴንሃግ በሚገኘው የጋሼ እስጢፋኖስ ሳሎን ውስጥ ሁሉም ዓይን ጥሩአየሁ ላይ ነበር። ከሽማግሌው ጎን ሐጂ መህዲ መዳፋቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ለዱዓ ተዘጋጅተዋል። ከፊት ለፊቷ የከሰሰቻቸው ሰው፣ ጋሼ ሰዒድ፣ አንገታቸውን ደፍተው ምንጣፉን ያያሉ። የሚጠበቅባት አንድ ቃል ነው፤ «ሰጥቻለሁ»። ይቺን ካለች ሽማግሌዎቹ የፈረዱትን ሁሉ ትቀበላለች፣ ክሱም ይቀራል። የአፍ ወለምታ ደግሞ በቅቤ አይታሽም።

ጋሼ ሰዒድ ሮተርዳም አጠገብ ቭላርዲንገን ውስጥ የብስክሌት መጠገኛ ሱቅ አላቸው። ጥሩአየሁ አምስተርዳም ባለ ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ ኖራ፣ በዕረፍት ቀኗ ሁሉ እየተመላለሰች ቸርኬ ማቃናትና ራጂ የሚሉትን የቸርኬ ሽቦ ማጥበቅ የተማረችው ከእሳቸው ነው። ዓይናቸው ሲደክም «ከአንቺ ሌላ ለማን እተወዋለሁ?» ብለው ሱቁን ሊያስተላልፉላት ተዋዋሉ፣ ቀብድም ተቀበሉ። እሷ የሆቴል ሥራዋን ለቃ ሱቁ አጠገብ ቤት ተከራየች። ቁልፍ የምትረከብበት ቀን ሲደርስ ግን የሰውየው ሐሳብ ተቀየረ። እህታቸው «የሥጋ ዘመድ እያለ ለባዳ?» ብላ አልቅሳባቸው፣ ሱቁን ለልጇ ለሀሪስ ሊሰጡት ሆነ።

አገር ቤት እንዳደገ ሰው ጥሩአየሁ መጀመሪያ የላከችው ሽማግሌ ነበር፤ እነዚሁኑ ሽማግሌዎች። ሦስት ጊዜ ሄዱ፣ ሦስት ጊዜ «ኢንሻአላህ» የሚል መልስ ይዘው ተመለሱ። በኋላ ያገኘቻት ጠበቃ «በጽሑፍ ስንት ጊዜ ጠየቅሻቸው?» ስትላት አፈረች። አንድም ጊዜ አልጠየቀችም። በዚህ አገር ሽማግሌ መላክ ከቁጥር አይገባም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው ተልኮ የተሰጣቸው ጊዜ ካለፈ በኋላ ጠበቃዋ ያሉትን መንገዶች ነገረቻት። ውሉን አፍርሶ ቀብድን ማስመለስ ይቻላል። ለደረሰው ጉዳት ካሳ መጠየቅም ይቻላል። ወይም ዳኛው «እንደ ውልህ ፈጽም» ብሎ እንዲያዝ፣ እምቢ ካሉም በየቀኑ መቀጫ እንዲቆርጥባቸው ማመልከት ነው። ጥሩአየሁ ብዙም አላሰበችም። የምትፈልገው ሱቁን ነው። አስቸኳዩ ችሎት ነገ ጠዋት ሮተርዳም ይቀመጣል።

«ጥሩአየሁ ልጄ፣» ጋሼ እስጢፋኖስ ድምፃቸውን አለሰለሱ። «እሺ ይበልጣል ከሺ። ቀብድሽ ከነጭማሪው ይመለስልሻል። ሰዒድም በሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቅሻል። ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ፈረዱ ማለት ነው?»

«እንዴት?»

«ገና ሳልሰጣችሁ ፍርዱን ነገሩኛ።»

ሐጂ መህዲ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋሼ እስጢፋኖስ ግን በዋዛ የሚሸነፉ ሰው አይደሉም።

«እኛ እዚህ አገር ስንት ነን? ብትታመሚ ማን ይጠይቅሻል? ሐዘን ቢደርስብሽ ማን ቤትሽ መጥቶ ይቀመጣል፣ ዳኛው? ዛሬ ሽማግሌ ረግጠሽ ከወጣሽ...» ብለው ተዉት።

ጥሩአየሁ ፈራች። እናቷ ያረፉ ጊዜ አምስተርዳም ድረስ ወንበር ጭነው የመጡላት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ያን ቀን ባይመጡ ምን ይውጣት ነበር? ሱቅ ሌላም ይገኛል፣ ሰው ግን ከየት ይመጣል ብላ አሰበች። «ሰጥ...» ልትል አፏን ከፍታ ዓይኗ ጋሼ ሰዒድ ላይ አረፈ። እሳቸውን እስካሁን ማንም ምንም አልጠየቃቸውም።

«ጋሼ ሰዒድስ ሰጥተዋል?» አለች።

«እሱማ ያው...» አሉ ጋሼ እስጢፋኖስ።

«ሁለቱም ወገን ነው የሚሰጠው ሲባል ነው የማውቀው። እኔን ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። እሳቸውን ሲጠይቁ አልሰማሁም።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። «እውነቷን ነው» አሉ ሐጂ መህዲ። «ሰዒድ፣ አንተስ ሰጥተኸናል?»

«ገንዘቡን ሰጥቻለሁ።»

«ሱቁንስ? ለእሷ ይገባታል ብንል እሺ ትላለህ?»

ጋሼ ሰዒድ መሐረባቸውን አውጥተው የሚያለቅሰውን ዓይናቸውን ጠረጉ። «እህቴን ምን ብዬ አያታለሁ?» አሉ።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል» አለች ጥሩአየሁ። «እኔ ሀሪስ ይጥፋ አላልኩም። ቃልዎን አምኜ ግን እንጀራዬን ትቻለሁ።» ከዚያ ብድግ አለች። «እንግዲህ እኔም አልሰጠሁም። አክብራችሁ ስለጠራችሁኝ እግዜር ያክብራችሁ።»

ጋሼ እስጢፋኖስ ተቀመጪ አላሏትም፤ ቡራኬም አልሰጧት።

ኮሪደሩ ላይ ካፖርቷን ስትለብስ ጋሼ ሰዒድ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ተከትለዋት ወጡ። ሊረግሟት ወይም ሊለምኗት መሰላት።

«ፍርድ ቤቱ የት ጋ ነው?» አሉ።

«ዊልሄልሚናፕላይን አደባባይ። በሜትሮ ይሄዱና ቤርስ ጣቢያ ላይ ይቀይራሉ።»

«ቤርስ ላይ ሰሌዳው አይታየኝም።» በራሳቸው እንደ መሳቅ አሉ። «ሀሪስ ያደርሰኛል ብዬ ነበር። ነገ ግን ወደብ ሥራ ይገባል። ጠበቃም አልያዝኩ። እንጃ፣ ምናልባት ብቀርስ?»

ጥሩአየሁ የካፖርቷን ቁልፍ መቆለፍ አቆመች። ጠበቃዋ ዛሬ ጠዋት በስልክ «ካልቀረቡ በሌሉበት ይፈረዳል፣ ለአንቺም ይቀልሻል» ብላታለች። ዝም ማለት ብቻ ይበቃት ነበር። ነገ ማታ ቁልፉ እጇ ይገባል፣ እሳቸውም ቤታቸው ቁጭ እንዳሉ ይሸነፋሉ። ይህን ስታስበው ግን የሰረቀች ያህል አሳፈራት። ዓይናቸው የደከመው እሷን በማስተማር አይደለም፤ ቢሆንም እጇን ይዘው ራጂ ያስጠበቋት እሳቸው ናቸው። የሚሉት ካላቸው ዳኛው ፊት ይበሉት።

«ጠዋት መጥቼ እወስድዎታለሁ» አለች።

«ከሳሼ ሆነሽ?»

«ድሮስ አገር ቤት ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ተቆራኝተው አልነበር ችሎት የሚሄዱት?» ክንዳቸውን ይዛ ወደ ደረጃው መራቻቸው። «ቀስ ይበሉ። ነገ ደግሞ መነጽርዎን ያድርጉ፣ ውሉንም ይያዙ።»